እረፍት ያጣ ጡንቻ

ሰፈሩ በሙሉ «ክሬን» ነበር የሚለው። አንድ ቀን ማቀዝቀዣ በጀርባው አዝሎ ብቻውን ፎቅ ሲወጣ ያዩ የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ታላቅ እህቱ ብቻ ቀረች። ሚስቱን ደግሞ እሱ ራሱ «መርፌ» አላት፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ ከሁሉ በላይ ግን አንደበቷ ስለሚወጋ። ሲጠራት የተናደደች ትመስላለች፤ ሳይጠራት የዋለ ቀን ግን ምን አስቀየምኩት እያለች ስትብሰለሰል ታመሻለች። ልጅ አልወለዱም። በዚህም አንዱ ሌላውን ወቅሶ አያውቅም።

ነገሩ የመጣው በመርፌ በኩል ነው። ከፋብሪካው ፊት ለፊት ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ ስፖርት የማይሠሩ ጎልማሶችን ለጥናት እንደሚፈልግ የሚናገር ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፈ። ወንዶችም ሴቶችም ይፈለጋሉ፤ አራት ወር የቆመ ብስክሌት እየነዱ ጡንቻቸው ይለካል። መርፌ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ ስለምትውል ጉልበቷ ደርቋል፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ክሬንም ወገቡን ካመመው ወዲህ ሸክሙን ለወጣቶቹ ትቶ የጭነት መኪናውን መንዳት ይዟል፤ ቦርጭ ቢጤም ብቅ ብሏል። አብረን እንመዝገብ አለችው።

«እኔ ቁም ሣጥን አዝዬ አምስተኛ ፎቅ የወጣሁ ሰውዬ፣ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ሲያልበኝ ውዬ እዚያው ልገኝ?» ብሎ ሳቀባት።

እሷ ግን የያዘችውን የምትለቅ ሴት አይደለችም። በቁርስ ላይ አነሳችበት፣ በእራት ላይ አነሳችበት፣ ልብስ ስታጥፍ አነሳችበት። በመጨረሻ «እሺ፣ ነዝናዛ፣ አሸነፍሽኝ» ብሎ ተነሳ።

ጥናቱን የምትመራው ገና ወጣት የሆነች፣ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ተመራማሪ ነበረች። የክሬንን ጭን በምላጭ ላጭታ፣ በአልኮል ጠርጋ፣ ሽቦ የተያያዘባቸው ትናንሽ ክቦች ለጠፈችበት። ፀጉሩ ሲረግፍ አይቶ «ከሠርጌም ቀን እንዲህ አልተላጨሁም» አለና አሳቃት። ከዚያ አስረዳቻቸው። አንጎል ያዛል፣ ነርቭ ትእዛዙን ያደርሳል፣ ጡንቻ ይሠራል፤ መሣሪያው ደግሞ ትእዛዝ የደረሰው ጡንቻ የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ ያዳምጣል። እሷ ማወቅ የፈለገችው፣ ደከመኝ ሳይሉ ረጅም ጊዜ የመሥራት ልምምድ የወንድንና የሴትን ጡንቻ በአንድ ዓይነት መንገድ ይቀይረው እንደሆነ ነው።

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ወንበር ላይ ተቀምጠው በቀበቶ ይታሰራሉ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የተጠለቀውን ማሰሪያ በግማሽ አቅማቸው ወደ ፊት እየገፉ እስኪያቅታቸው ይቆያሉ። ክሬን ፊቱ ቀልቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆየና ለቀቀው። መርፌ እሱ ከለቀቀበት አልፋ ቆየች። ተመራማሪዋ ይህ የተለመደ ነው፣ በመጠነኛ ኃይል ሲሠሩ ሴቶች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚደክሙት አለች። ክሬን ግን ለምቦጩን ጣለ። የተጽናናው ስክሪኑን ሲያይ ነው። የሚስቱ መስመር ጥቃቅንና ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ የእሱ ግን ይወጣል ይወርዳል፣ ስክሪኑን ሊቀድ ይደርሳል።

«አየሽ? ያንቺ ስፌት ነው፤ የኔ ተራራ ነው» አላት።

ተመራማሪዋ የሴት ቆዳ ሥር ያለው ስብ ምልክቱን እንደሚያፍነው፣ የወንድ ጡንቻም ስለሚወፍር እንዲህ ማወዳደር ልክ እንደማይሆን ነገረችው። እሱ ግን የሰማው የፈለገውን ነው። በማግስቱ ለሾፌሮቹም፣ ለተሸካሚዎቹም፣ ለሲጋራ ሻጩም ስለ ተራራው አወራ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ሲወጡ ብስክሌቱ ላይ ይገናኙ ጀመር። ክፍሉ ረጅም ነው፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ብስክሌቶቹ በአንድ ረድፍ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆመዋል። ጎን ለጎን ተቀምጠው መንገደኛውን እያዩ ይነዳሉ፤ እሱ በአላፊ አግዳሚው እየቀለደ ያስቃታል፣ እሷ ዝም በል ትንፋሼን አታጥፋ ትለዋለች። ከተጋቡ ወዲህ አንድ ነገር አብረው ጀምረው አያውቁም ነበር። መርፌ ያን ሰሞን፣ ለማንም ባትናገረውም፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ልቧ ይሞቅ ነበር።

ሁለተኛው ወር ሲጋመስ እሷ ሌላ ሰው ሆነች። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል። የአስቤዛ ዘንቢል በሁለት እጇ አንጠልጥላ አንዴም ሳታርፍ ትደርሳለች። ክሬን ግን ጉልበቱ ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። ደረጃው ላይ ቀኝ እግሩ ጣ እያለ ይመታል። በር ከፍታ ስትጠብቀው፣ ከመታየቱ በፊት ያን ድምፅ ትሰማለች። አንዳንዴ ቁልፍ ከእጁ ያመልጠዋል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ይቆያል። ስትጠይቀው ወገቤ ነው ይላል። እሷም ሰንፎ ነው፣ ቀልድ ሲያበዛ በደንብ አይነዳም ብላ አመነች።

አንድ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ተደግፎ ሲያለከልክ ደረሰችበት። የጎረቤት ሰው በሩ ላይ ቆሟል።

«ወንዱ፣ ሴት ቀደመችህ እኮ» አለችው።

ጎረቤቱ ሳቀ። ክሬንም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ተመራማሪዋ ካዘዘችው በላይ ብስክሌቱን እያጠበቀ ይነዳ ጀመር። ሲወርድ ልብሱ ተጨምቆ ውሃ ይወጣዋል፣ እግሩ እንደ ጥጃ እግር ይንቀጠቀጣል። መርፌ ይህን አይታ ደስ አላት። እልህ ገባው፣ እልህ ደግሞ ያሻሽለዋል አለች በልቧ።

በአጋማሹ ፈተና ቀን ክቦቹ ተለጠፉለት። መጀመሪያ ጡንቻው በእረፍት ላይ እያለ መስመሩ ቀጥ ብሎ መተኛት አለበት። ተመራማሪዋ እግርዎን ይልቀቁት፣ ምንም አያድርጉ አለችው። ለቀቀው። መስመሩ ግን አልተኛም፤ እዚህም እዚያም ብድግ ብድግ ይላል። መርፌ ጎንበስ ብላ ጭኑን ስታይ፣ ከቆዳው ሥር ትል የሚላወስ ይመስል ሥጋው በራሱ እየዘለለ ነው።

«ዘና ይበሉ» አለችው ተመራማሪዋ።

«ዘና ብያለሁ ዶክተር። ሥጋዬ ነው ሥራ የለመደው፤ እረፍት አያውቅም።»

የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ተመራማሪዋ ክቦቹን ቀየረች። ሽቦውን ቀየረች። ከዚያ ሱሪዋን ጠቅልላ የራሷ እግር ላይ ለጠፈችው፤ መስመሩ ጸጥ ብሎ ተኛ። መልሳ እሱ ላይ ለጠፈችው፤ ተነሳ። የመግፋት ኃይሉንም ስትለካ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ወርዶ አገኘችው። ወጥታ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ይዛ ተመለሰች። ሰውየው መሣሪያውን ዘወር ብሎም አላየው። የክሬንን እጅ ይዞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለውን ሥጋ ዳበሰ፤ ጎድጉዷል። ምላስዎን ያውጡ አለው። ከዚያ በትህትና፣ ሳይቆይ ወደ ነርቭ ሐኪም እንዲሄድ ነገረውና ወጣ። መርፌ የባሏን እጅ ስንት ጊዜ ይዛለች፤ ያንን ጉድጓድ ግን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ቀጭን መርፌ ጡንቻው ውስጥ እያስገባ መረመረው። ክንዱን፣ ጭኑን፣ ጀርባውን፣ አገጩ ሥር ሳይቀር። «ሃያ ዓመት ከመርፌ ጋር ነው የተኛሁት፤ ይሄ አያስደነግጠኝም» አለ ክሬን። ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

ከብዙ ምርመራ በኋላ ሁለቱንም አስቀምጦ ነገራቸው። ጡንቻውን የሚያዙት ነርቮች ተራ በተራ እየሞቱ ነው። የሚያዘገይ መድኃኒት አለ፤ የሚያድን የለም። መርፌ ግን አልገባትም። የእሱ መስመር ከሁሉ ይበልጥ ነበር፣ ተራራ ያህል ነበር፣ እንዴት ነው የሚሞተው አለችው።

ሐኪሙ አስረዳት። «አንድ ነርቭ ሲሞት በሱ ሥር የነበሩት የጡንቻ ክሮች ወላጅ እንደሞተበት ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። በሕይወት ያለው ጎረቤት ነርቭ ሰብስቦ ያሳድጋቸዋል። አንዱ የብዙዎችን ሥራ ስለሚሠራ ነው ምልክቱ የገዘፈው።»

«እሱስ ሲሞት?» አለ ክሬን።

«እሱ ሲሞት የሚሰበስብ የለም።»

ስለ ዕድሜው ሲጠይቅ፣ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ከዚያ የሚያልፉም አሉ ተባለ። ወጥተው አውቶቡስ ጠበቁ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ሲከፈት ክሬን «ለሰው ሁሉ ያወራሁለት ተራራ የመቃብር አፈር ኖሯል» አለና እጀታውን ጨብጦ ወጣ።

ወሬው እህቱ ዘንድ በደረሰ ማግሥት መጣች። ከእሱ በብዙ ዓመት የምትበልጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ጎረምሳ ወንዶች ልጆች ያሏት ሴት ናት። መርፌ «እትዬ» እያለች፣ አንቱ እያለች ነው የኖረችው። ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ መርፌን ወጥ ቤት ድረስ ተከትላ በሩን ዘጋች።

«ወንድሜ ጤነኛ ነበር» አለች። «ቤቱ ቁጭ ብሎ ያርፍ የነበረን ሰው ጎትተሽ ወስደሽ፣ እንደ በሬ ጠምደሽ፣ ያለችውን ጉልበት አስጨረስሽው።»

መርፌ ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም። ያን ቀን ግን «ሴት ቀደመችህ» ያለችው ቃል ትዝ አላት። እህቱ ያላወቀችውን እሷ ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ የቆመችበትን ወለል አየች። እህቱም ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳት። ሥራ ላይ ሆና እጅጌ ከአንገትጌ ጋር ትገጥማለች፤ ሰፍታ ትፈታለች። በመጨረሻ በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግራ ተመራማሪዋ ቢሮ ገባች። ምንም ሳትሸፋፍን፣ እኔ ነኝ እልህ ያስያዝኩት፣ ካዘዝሽው በላይ ሲነዳ አይቼ ዝም ብያለሁ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ተመራማሪዋ ወንበሯን አጠገቧ አምጥታ ተቀመጠች። «በሽታው ከእኛ በፊት ነበር። የመጀመሪያው ቀን መስመር ላይም ነበር፤ አይቼው አልገባኝም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።»

«ልፋቱ አፋጥኖት ይሆን?»

መርፌ አይደለም የሚለውን ቃል ጠበቀች።

«አላውቅም» አለች ተመራማሪዋ። «አይመስለኝም። ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎት አይችልም።»

ልጅቷ መዋሸት ትችል ነበር። መርፌ ስትወጣ ስለ ታማኝነቷ አላመሰገነቻትም፤ ደረጃው ላይ ሆና ምነው በዋሸችኝ አለች።

አራቱ ወር ሲሞላ ክሬን ሥራውን ለቆ፣ በምርኩዝ ነበር የሚሄደው። መርፌ ለመጨረሻው ፈተና አልሄድም አለችው። እሱ ግን ሂጂ፣ ከሁለታችን አንዳችን እንኳን እንጨርስ ብሎ ገፋፋት። ሄደች። ወንበሩ ላይ ታስራ ገፋች፤ ገፋች፤ ጡንቻዋ እንቢ አላለም። እንዲደክማት ፈለገች፣ አልደከማትም። ተመራማሪዋ ይበቃል ስትላት እንባዋ እየወረደ ነበር። ውጤቷ ከሴቶቹ ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው፤ የባሏ ግን ሕመም ስላለበት ከጥናቱ ይወጣል፣ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ቤት ስትገባ ስንት ሆንሽ አላት። ያው ነኝ፣ ምንም አልጨመርኩም አለችው። ክሬን ለረጅም ጊዜ አያት።

«መዋሸት ሳትለምጂ አረጀሽ» አለ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መጀመሪያ ምርኩዙ ሁለት ሆነ፤ ቀጥሎ ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ተሽከርካሪ ወንበር ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ነው አገሩ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሽንት ቤት የምታነሳው መርፌ ናት። እንዴት እንደሚነሳ ያስተማራትም እሱ ነው፤ ሸክም የኖረበት ሙያው ነውና። እግርሽን ክፈቺ፣ ቁጢጥ በይ፣ ደረትሽ ላይ አስጠጊኝ፣ በወገብሽ ሳይሆን በጭንሽ ተነሺ ይላታል። አደረገችው። ያ ግዙፍ ሰው ደረቷ ላይ ተለጥፎ ከአልጋው ሲነሳ ሁለቱም ደነገጡ።

«ጥሩ ተሸካሚ ይወጣሻል» አላት ጆሮዋ ሥር። መሳቅ እንዳለባት ገብቷት ሳቀች።

መጀመሪያ እንዲህ እየቀለዱ አለፉት። ቀን በቀን ግን እሱ እየቀለለ፣ እሷ እየለመደችው ሄደች። የሚያስለፋት ነገር አልነበረም፤ ይህ ነው የከፋው። እንደ ትራስ ታነሳዋለች። እያነሳችው ማንቆርቆሪያው ፈላ ወይ ብላ ወደ ወጥ ቤት የምታይበት ቀን መጣ። ክሬን ያንን ዘወር ማለቷን አየ። ቀልዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመ። ምላሱም እየከበደው ነበርና፣ እሷ ያቆመው በሽታው መሰላት።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ እህቱና ሁለቱ ልጆቿ ሳሎን ቆመው አገኘቻቸው። ልብሱ በሻንጣ ተሞልቷል። እህቱ፣ ቤቴ ምድር ቤት ነው፣ ፀሐይ ያገኛል፣ ልጆቹ ያነሱታል አለች። መርፌ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ባሏ ፊት ቆመች።

«አንተ ነህ የጠራሃቸው?»

ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለ። «እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግኩህ?»

«ስታነሺኝ... ማየት አልችልም» አለ። «አልፈልግም። በቃ።»

ልጆቹ በወንበሩ ግራና ቀኝ ይዘው ደረጃውን ሲያወርዱት ከኋላ ተከተለች። ሁለቱም ጎረምሶች በየፎቁ እያረፉ ያለከልኩ ነበር። አንድም ጊዜ ያዢልን አላሏትም፤ እሷም ልያዝላችሁ አላለችም።

በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትጠይቀው ነበር። እህቱ በር ትከፍታለች፣ ወንበር ታቀርባለች፣ አትናገራትም። ክሬን ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። መርፌ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ አሳንሰሩ ታወራለታለች። ተናዶብኝ ነው የሄደው ወይስ አዝኖልኝ የሚለውን ልትጠይቀው ብዙ ጊዜ ጀመረች። ዓይኑን ታያለች፤ ዓይኑ ያያታል፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። አዎን ከሆነ አንዴ፣ አይደለም ከሆነ ሁለት ጊዜ ዓይንህን ጨፍን ማለት ትችል ነበር። አላለችም። የሚመልሰውን ፈራች።

የሞተው በሥራ ሰዓት፣ ረፋድ ላይ ነው። ስልኩ ሲደወል መርፌ የሰፋችውን ሸሚዝ ከመኪናው ሥር ሳታወጣ ተነስታ ሮጠች። አውቶቡስ አልጠበቀችም። ገበያውን፣ ድልድዩን፣ የትምህርት ቤቱን ረጅም አጥር፣ ዳገቱን ሁሉ ሮጣ የእህቱ በር ላይ ደረሰች። እህቱ ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። መርፌን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ላብ ብዙ የለባትም፤ ትንፋሿ አልተቆራረጠም፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ እንኳን አይልም።

«ተንሸራሽረሽ ነው የመጣሽው?» አለች እህቱ።

መርፌ ሮጬ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ድምፅዋ ረጋ ብሎ፣ ሳይቋረጥ ሊወጣ እንደሆነ ስታውቅ መልሳ ዘጋችው። አልፋ ገባች። ባሏ ላይ አንሶላ አልብሰውታል። እግሩ ሥር ተቀመጠች፤ አለቀሰች፤ ግን ከኋላዋ እህቱ ቆማ እንደምታያት ስለምታውቅ፣ ለቅሶዋ ለራሷም የውሸት መሰላት።

ከቀብሩ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ተለያዩ። እህቱ ለዘመድ ሁሉ፣ አስለፍታ ገድላ ሲሞት በእግሯ እየተዝናናች መጣች ብላ ተናገረች። መርፌ ወሬው ሲደርሳት አልተከራከረችም። ግማሹ እውነት ይሁን አይሁን፣ ያልተማረችው እሷ ቀርቶ የተማረችውም አላውቅም ብላለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች።

ተመራማሪዋ ሁለት ጊዜ ደወለችላት፤ አላነሳችም። ፋብሪካው ውስጥ ያሉ ሴቶች ብስክሌቱን ለምን ተውሽው ሲሏት ጉልበቴን ያመኛል ትላቸዋለች። አያማትም። ከሥራ ወጥታ በብስክሌቱ ክፍል መስኮት በኩል ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላው ወገን ታዞራለች። ቤቷ ስትደርስም በየፎቁ ትቆማለች፤ መደገፊያውን ይዛ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ የሚያልፍ ጎረቤት እስኪያልፍ።